ጋሽ ኤርጊቾ የፈረሙት ደብዳቤ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገልና ወደ ነገሩ ልግባ።

በእኛ አገር የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መምህራችሁ ዘንድ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ለትምህርት ላመለክት ነው» ትላላችሁ። እሳቸውም «ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ይላሉ። ክፋት የለበትም። ጊዜ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም፣ ደግሞም ያምኑናል። እኛም ቤታችን ቁጭ ብለን ስለ ራሳችን እንደ ሌላ ሰው እንጽፋለን። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ እጁ እንዴት ይፈታል መሰላችሁ! እኔ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ትጉህ፣ ታማኝና ወደር የሌላት ነበርኩ።

ራሄል እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሼ ሆሳዕና ተመልሼ ባንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ሽቦ። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዕቃ ከፍቶ ማየት እንጂ መልሶ መግጠም ብዙ አይሆንልኝም ነበር።

ያመለከትኩት አውሮፓ ውስጥ ላለ የዶክትሬት ቦታ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር ሃርድዌር፣ ለማሽን ለርኒንግ የሚሆን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው የእጅ ሥራ ነው። ጥፍር የምታህል ቺፕ ትሠራላችሁ፤ ምድር ላይ ካለ ብርድ ሁሉ በሚብስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትሰቅሏታላችሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የሚያደርገውን ስሌት እሷ ላይ ትሞክራላችሁ። ቺፗ አንድ ጠላት አላት፤ ከውጭ ሾልኮ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ረብሻ። ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርድ፣ በደንብ ያልታሰረች አንዲት የመሬት ሽቦ የወራት ልፋት ገደል ትከታለች። የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ከማስተርሴ ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘሁም።

ማስታወቂያው ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃል። ሁለቱን ከዩኒቨርሲቲ አገኘሁ። ሦስተኛው «አመልካቹ በእጁ ሲሠራና ሲጠግን ካየ ሰው» ይላል። እኔን በእጄ ስሠራ ያየኝ አንድ ሰው ነው፤ አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ጋሽ ኤርጊቾ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ዳምቦያ ገብተዋል። ጽፌ የያዝኩትን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ፈረሙ። ኢሜይል ስለሌላቸው በስማቸው ስልኬ ላይ ከፈትኩላቸውና ደብዳቤውን በዚያው ላክሁት። ይህም የተለመደ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የተላከው ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ኤርጊቾ ነው። «የተከበሩ መምህር፣ ነገ ረቡዕ በእናንተ ሰዓት አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ እርስዎንና አመልካቿን አንድ ላይ በቪዲዮ ብናነጋግራችሁ ደስ ይለናል። በተለይ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ጻፉት ልንጠይቅዎ እንፈልጋለን» ይላል።

ሦስተኛውን አንቀጽ ከፍቼ ማየት አላስፈለገኝም። በቃሌ አውቀዋለሁ። «ራሄል ለሁለት ዓመት የላብራቶሪዬን ቁልፍ ይዛለች። በእጇ አንድም መሣሪያ ተበላሽቶ አያውቅም።»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ቁልፉን መያዜ ልክ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ኦሲሎስኮፕ ነበረው፤ የኤሌክትሪክን ቅርጽ በአረንጓዴ መስመር የሚያሳይ መሣሪያ። አንድ ብቻ። ጋሽ ኤርጊቾ የጠረጴዛ ልብስ ያለብሱት ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ገባሁና የግድግዳው መብራት ምን ቅርጽ እንዳለው ልይ ብዬ የመሬቱን ሽቦ ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ፣ ከፌዙ ጋር አገናኘሁት። ጧ! አለ። ሽታው አሁንም ይመጣብኛል። ልብሱን መልሼ አልብሼ፣ ቆልፌ ወጣሁ። በማግስቱ ጋሽ ኤርጊቾ ክፍሉ ሞልቶ ሲያበሩት አልበራም። ለርዕሰ መምህሩ «በእኔ እጅ ነው የተበላሸው» አሉና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

«ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚሉ ሰዎች የእኔን ተሸክመው አላዩትም።

መልእክቱን መጀመሪያ ያሳየሁት ለደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ኮሌጁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ችግር ሲሰማ ዓይኑ ይበራል።

«ይቺ ብቻ ናት?» አለ። «ጋሽ ኤርጊቾን እኔ እሆናለሁ። ካሜራውን አጥፍተን ኔትወርክ ነው እንላለን። መሃል መሃል ላይ እስላለሁ።»

«ድምፅህ የጎረምሳ ነው።»

«ጉንፋን ይዞኛል እላለኋ!»

አልዋሻችሁም፣ አስቤበታለሁ። እንዲያውም አስለህ አሳየኝ ብዬዋለሁ። ጥሩ ይስላል። ያስቀረኝ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ መሣሪያ ቢጠይቁት ፌዝና መሬት አይለይም። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ወርጄ የአንጋጫ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ጋሽ ኤርጊቾ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ቢሉልኝ ነገሩ ያልቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ቦታው የእኔ ይሆናል።

አንጋጫ ላይ መኪና ቀይሬ ዳምቦያ ስደርስ ጋሼ ቤት የሉም። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ጓሮ ካለው እንሰት መሃል ብቅ አሉ።

«ሽምግልና ተቀምጠዋል። የድንበር ነገር ነው። ግቢና ጠብቂ» አሉኝ።

«በስልክ ቢጠሩልኝስ?»

«ሽማግሌ ከተቀመጠበት በስልክ ይጠራል እንዴ ልጄ?»

ጠበቅኩ። ፀሐይዋ ስትበርድ ጋሽ ኤርጊቾ በትራቸውን ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው የተቆለፈ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን «በሰላም ነው?» አሉ።

«በሰላም ነው ጋሼ። ሽምግልናው እንዴት ሆነ?»

«ሁለቱም ዋሹ። ለሳምንት ቀጠርናቸው።»

ራት ቀረበ፤ ቆጮ በጎመን። ልናገር ስል እትዬ ወርቅነሽ ቀደሙኝና የምሄድበት ትምህርት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ቺፗና ስለ ማቀዝቀዣው አስረዳሁ። ጋሽ ኤርጊቾ መቁረሳቸውን ትተው እንደ ተማሪ ሰሙኝ። እትዬ ወርቅነሽ ግን አንዱን ብቻ ነው የያዙት።

«ብርዱ እንዲህ ከሆነ ጋቢ ይዘሽ ሂጂ» አሉ።

ከራት በኋላ ነገርኳቸው። ነገ አምስት ሰዓት እንደሚጠሯቸው፣ ስለ ደብዳቤው እንደሚጠይቋቸው።

«ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?» አሉ።

ከስልኬ ላይ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «ወደር የሌላት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቃቸው መጣ። «እኔ እንደዚህ እላለሁ? በሕይወቴ ወደር የሌላት ያልኩት ወርቅነሽን ብቻ ነው፤ እሷንም ድሮ ነው» አሉ። እትዬ ወርቅነሽ በማንኪያ አስፈራሯቸው። ሳቁ ሳያበቃ ሦስተኛውን አንቀጽ በጥድፊያ አነበብኩት። እንዲያልፍልኝ።

ሳቃቸውን አቆሙ።

«እሱን ድገሚው።»

ደገምኩት።

«አንድም መሣሪያ ተበላሽቶ አያውቅም ነው የሚለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እውነት ነው?»

አንባቢዎቼ፣ ያቺ ሰዓት የእኔ ነበረች። ያለሁት በሰው ቤት ነው፤ ጠግቤ በልቻለሁ፤ ከፊቴ የተቀመጡት አንድም ቀን ያልተቆጡኝ ሰው ናቸው። እኔ ግን ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ደብዳቤ ላይ እንደዚህ ነው የሚጻፈው። ነገ እኔ ነኝ የጻፍኩት ብቻ ይበሉልኝ።» አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ጋሽ ኤርጊቾ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ «ዛሬ ከሰዓት ሁለት ሰው ሲዋሽ ስሰማ ነው የዋልኩት፣ ደክሞኛል» አሉ። «ነገ አብረን እንሄዳለን። ሲጠይቁኝ የማውቀውን እናገራለሁ።»

የሚያውቁት ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የማያውቁ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሲወጡ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነበር። በትራቸውን ትተው በሁለት እጃቸው አፉ በሲባጎ የታሰረ ጆንያ አቅፈዋል። ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «አባባ፣ ድንቹን ላይ ልጫነው?» አላቸው።

«ድንች አይደለም፤ ጭኔ ላይ ይሁን» አሉት።

ሆሳዕና እስክንደርስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጆንያው በየጉድጓዱ ጭናቸው ላይ ይዘላል፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን ያቅፉታል።

ላብራቶሪው ስንደርስ ደሳለኝ ክራቫት አስሮ ቁጭ ብሏል። ለማንኛውም ብሎ ነው። እውነተኛውን ጋሽ ኤርጊቾን ሲያይ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና በጓሮ በር ወጣ።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አሉ። መሃል የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የላብራቶሪው ኃላፊ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ፕሮፌሰሯ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«መምህር፣ ሦስተኛው አንቀጽ ገርሞኛል። እኔ ሠላሳ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ምንም ሳይሰብር የሠራ ሰው አላጋጠመኝም። እንዴት ነው ነገሩ?»

ጋሽ ኤርጊቾ ወደ እኔ ዞሩ።

«በአማርኛ እናገራለሁ፤ አንቺ ተርጉሚልኝ» አሉ።

ልብ በሉ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ያስተማሩ ናቸው። የፕሮፌሰሯን ጥያቄ አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። እኔ የምተረጉመውንም እንደዚያው ይሰሙታል።

«ይህን ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም በያቸው።»

ተረጎምኩ። ቦታዬ ስትሄድ ታየችኝ።

«የጻፈችው እሷ ናት። ሳላነብ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ሳያነቡ መፈረም ጥፋት ነው፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጋሽ ኤርጊቾ የጆንያውን ሲባጎ ቀስ ብለው ፈቱና ውስጡ ያለውን አውጥተው ካሜራው ፊት አስቀመጡት። ኦሲሎስኮፑ ነው። የዱሮው የጠረጴዛ ልብስ ሳይቀር አብሮት አለ።

«ትምህርት ቤቱ ሊጥለው ሲል ለምኜ ወሰድኩት» አሉ። «ያቃጠለችው ራሄል ናት። በምሳ ሰዓት ነው። ለእኔ አልነገረችኝም። ተርጉሚ።»

‹በሥራ ላይ ተበላሸ› ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ከእሳቸው በቀር የሚያውቅብኝ የለም። ቀና ብዬ አየኋቸው። አልተቆጡም፤ የሚጠብቁ ሰው ይመስላሉ። ፈተና ላይ የመጨረሻዋ ተማሪ እስክትጨርስ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት።

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «የመሬቱን ሽቦ ከፌዝ ጋር አገናኘሁት። ሸፍኜው ወጣሁ። እሳቸው በእኔ ፈንታ ተቀጡ። ስምንት ዓመት አልተናገርኩም። ትናንት ማታም ጠይቀውኝ አልተናገርኩም።»

የመጨረሻውን እሳቸው አላሉኝም ነበር። ጋሽ ኤርጊቾ አንገታቸውን ነቀነቁና «አልጨረስኩም» አሉ።

የኦሲሎስኮፑን ሽፋን ከፍተው ከውስጡ የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። የደብተር ወረቀቶች፣ በእርሳስ የተሞሉ። አወቅኋቸው። ከተቃጠለ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ ተደብቄ እየገባሁ፣ ሽፋኑን እየፈታሁ፣ መስመር በመስመር የገለበጥኩት የመሣሪያው ሰርኪዩት፣ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ሥዕል ነው። ልጠግነው አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ ወረቀቶቹን እዚያው ውስጥ ትቼ ትምህርቴን ጨረስኩ።

«በየቀኑ በመስኮት አያት ነበር» አሉ ጋሽ ኤርጊቾ። «ሦስት ወር ሙሉ ምሳዋን አልበላችም። ቁልፉን ያልቀማኋት ለዚህ ነው። አንድ ቀን መጥታ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።»

ይህን እየተረጎምኩ ነው የገባኝ። ያውቁ ኖሯል! ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቁ ኖሯል።

ፕሮፌሰሯ «ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠጉልኝ» አሉ። ካዩት በኋላ ስለ አንዱ መስመር ጠየቁኝ። ከዚያ ስለ ሌላው። መሬት ብዬ ምልክት ያደረግሁበት አንድ ቦታ ስህተት መሆኑን ያኔ፣ እዚያው ፊታቸው፣ አየሁትና ነገርኳቸው። ሰባ ደቂቃ ተነጋገርን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፊዚክስ አውርቼ አላውቅም፤ የሚደበቅ ነገር ስላልነበረኝ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ደብዳቤ ከፋይልሽ ይወጣል። ሁለት ደብዳቤ ብቻ ያለው ማመልከቻ ደግሞ ዘንድሮ አይታይም። ደንባችን ነው፤ ላልፈው አልችልም። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ትችያለሽ። ያኔ ደብዳቤውን ካንቺ ሌላ ሰው ይጻፈው።»

ኮምፒውተሩ ጠፋ። ቦታዬ ሄደች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለቦታው ብቻ አይደለም። ጋሽ ኤርጊቾ መሐረባቸውን ሰጡኝና ኦሲሎስኮፑን መልሰው ጆንያ ውስጥ ከተቱት።

«ቅዳሜ ዳምቦያ ነይ» አሉኝ። «መፍቻ ይዘሽ ነይ።»

ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳምቦያ ሄድኩ። ዕቃ የጠፋ እንደሆነ ከአባቴ ሱቅ ፈለግኩ፤ እዚያ ያጣሁትን ከተጣለ ራዲዮ ነቀልኩ። ጋሽ ኤርጊቾ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ አንድም ቀን «እንደዚህ አድርጊ» አላሉኝም። ያቃጠልኩት መስመር በልጅነቴ ተሳስቼ በሣልኩት ቦታ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አበራሁት። ትንሽ አሰበና አረንጓዴዋ መስመር ብቅ አለች። እትዬ ወርቅነሽ ከጓሮ እልል አሉ። ጋሽ ኤርጊቾ ጓዳ ገብተው ወረቀትና መነጽራቸውን ይዘው መጡ።

አሁን ይህን የምጽፈው ከዚያው ላብራቶሪ ነው። ጋቢዬን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ለማቀዝቀዣው ባይሆንም ለክረምቱ ጠቅሞኛል። በመጣሁ በሁለተኛው ወር አንዲት ቺፕ ገደልኩ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ የፕሮፌሰሯን በር አንኳኩቼ ተናገርኩ። «መቼ?» አሉ። «አሁን» አልኩ። «ተሻሽለሻል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሆሳዕናም ተማሪዎቼ ይጽፉልኛል። «እትዬ፣ ጽፈን እንላክልሽና ፈርሚልን» ይሉኛል። እምቢ ስላቸው ኩራት ይመስላቸዋል። እናንተም መምህራን ከሆናችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ጊዜ ከሌላችሁ ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ፣ ግን እናንተው ጻፉት። ተማሪው ስለ ራሱ የማያውቀውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ጋሽ ኤርጊቾ ያን ቅዳሜ የጻፉት በእጃቸው፣ በአማርኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደሳለኝ ነው፤ እኔ እንዳልነካው አዘዙኝ። ያነበብኩት ቦታውን ካገኘሁ በኋላ ነው፤ ፕሮፌሰሯ አንድ ግልባጭ ሰጡኝ። ሙሉው ይህ ነው።

«ራሄልን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። መሣሪያ ታቃጥላለች። ያቃጠለችውን ለመናገር ስምንት ዓመት ፈጅቶባታል። ለመጠገን ግን ማንም ሳያዛት ነው የጀመረችው፤ ዛሬ ጨርሳለች። መስመሩ ሲበራ አይቻለሁ። ብትወስዷት አትጸጸቱም። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»